ከስድስቱ ያልተቆጠረው ፊት

መስከረም 18

ወንድሜ፣

ደብዳቤ መጥቶልሃል። ከፍቼዋለሁ፤ አትቆጣ። የሰው ደብዳቤ የሚከፍት፣ ፊልም ፀሐይ ላይ ከሚከፍት አይሻልም ትል ነበር፤ አልረሳሁትም። ግን ፖስታው በፎቶ ቤታችን ባንኮኒ ላይ ተቀምጦ አፈጠጠብኝ። አንተ ትከፍተዋለህ ብዬ እስከ መቼ ልጠብቅ?

የጻፈልህ ዶክተሩ ነው። አባባ በሕይወት ሳለ «የአክስቴ ልጅ ባሕር ማዶ ስለ ሰው ስሜት ያስተምራል» እያለ ሲኩራራበት፣ «ስሜት ደግሞ ምን ትምህርት አለው» ብለህ ያሾፍክበት ዶክተር። እንደ ልማዱ በመጀመሪያው መስመር ይመርቅሃል፣ በሁለተኛው ያዝዝሃል። ለጥናቱ ያነሳህለት የወንዶቹ ፎቶዎች ጥሩ ናቸው ይላል። ሥጋ ሻጩ «ፍርሃት» ላይ ሊስቅ የደረሰ ስለሚመስል ብቻ ቅር ብሎታል። አሁን ሴቶች ይፈልጋል። እነሱም ያንኑ ስድስቱን ፊት ያሳዩለት፦ ደስታ፣ ሐዘን፣ ንዴት፣ ፍርሃት፣ መጸየፍ፣ መገረም። ጀርባው ግራጫ ይሁን፣ ጆሮ ላይ ጌጥ አይኑር፣ ፎቶውም ኔጋቲቩም ወደ እሱ ይሂድ፣ እዚህ ምንም አይቅር። መጨረሻ ላይ «ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ?» ይላል። ቀኑን አየሁት። ይህን ሲጽፍ አንተን ከቀበርንህ ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። ማንም አልነገረውም። ሁሉም ሌላው ነግሮታል ብሎ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

የእኛን ልንገርህ። አክስታችን ከለቅሶው ጀምሮ እዚሁ ናት። ያንተ አልጋ ላይ ትተኛለች። የጨለማ ክፍሉን በር ሳታንኳኳ ትከፍትና «እዚህ ጨለማ ውስጥ ተዘግተህ ምን ታስባለህ?» ትለኛለች፤ ማተሚያ ወረቀት ስንቴ እንዳጠቆረችብኝ አትጠይቀኝ። ጠዋት ጠዋት ታለቅሳለች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ እኔን ታየኛለች። እኔ አላለቀስኩም። በቀብሩ ዕለት አላለቀስኩም፣ ከዚያም ወዲህ አላለቀስኩም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። አክስቴ ደግሞ ለጎረቤታችን ለቁልፍ ሠሪው «የዚህ ልጅ ልቡ ደርቋል» ስትል ሰማኋት። ሁለቱም አልገባቸውም። እኔም አልገባኝም።

አክስቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያንተን ፎቶ። ወደ ቤቷ ከመመለሷ በፊት አስተልቃ ግድግዳው ላይ ልትሰቅልህ ነው። የሰፈሩ ሙሽራ፣ ሕፃን፣ ጡረተኛ ሁሉ ግድግዳችን ላይ ተደርድሯል፣ አንተ ግን የለህም። ሰው «አንተንም እናንሳህ» ሲልህ «ወጥ ሠሪ ድስት ውስጥ አይገባም» ብለህ ታልፈው ነበር። ያለን የመታወቂያህ ብቻ ነው፤ እሱም በአሥራ ስምንት ዓመትህ የተነሳኸው፣ ማኅተሙ ግማሽ አፍህን የበላው። አክስቴ አገላብጣ አየችውና «ይሄ ፈተና የወደቀ ልጅ ነው እንጂ የኔ ቀና-በል አይደለም» አለች። ተነሺውን ሁሉ «ቀና በል» ስትል ሰፈሩ ባወጣልህ ስም ነው አሁን የምታለቅስህ።

ሌላው ፎቶህ ዶክተሩ ጋ ነው። ሊነሳ የነበረው ነርስ «እኔ በሐሰት አላዝንም» ብሎ የቀረ ጊዜ፣ የሰው ቁጥር እንዳይጎድል አንተ ግራጫው ጨርቅ ፊት ተቀመጥክ፣ እኔ ከካሜራው ኋላ ቆምኩ። ስድስቱንም ፊት ያነሳሁህ እኔ ነኝ። አንተ ግን ፊልሙን አጥበህ፣ ፎቶውን አትመህ፣ ሁሉንም ላክህለት። ሕጉ ነው ብለህ አንዲት እንኳ አላስቀረህም። ያ ሕግ ያናድደኛል። አንተም ታናድደኛለህ።

ነገ እኔ እመልስለታለሁ። ደንበኛ ቆሟል፣ ልሂድ።

ፍላሽህ


መስከረም 19

ለተከበሩ ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ በጤናና በሰላም ያግኝዎ፤ ቤትዎም ሥራዎም የሰመረ ይሁን።

የምጽፍልዎ እኔ ታናሹ ነኝ። ወንድሜ «ፍላሽ» ይለኝ ነበር፣ መብራቱን የምይዝለት እኔ ስለሆንኩ። ለእሱ የጻፉለት ደብዳቤ ደርሷል፤ እሱ ግን የለም። በሐምሌ መጨረሻ ሰርግ ሊያነሳ ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። እዚያው ነው ያረፈው። ይህን በደብዳቤ እንዲሰሙ ማድረጌን ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ሰው ይነግርዎታል ብዬ ነበር።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ወንድሜ ፎቶ የለውም። ለጥናትዎ የተነሳቸው ስድስቱ ግን እርስዎ ጋ አሉ። ከስድስቱ አንዱን፣ ቢቻል «ደስታ» የሚለውን፣ ይላኩልኝ። የአባባ እህት፣ አክስቴ፣ አስተልቃ ልትሰቅለው ትፈልጋለች፣ ሳትሰቅለውም አትሄድም። እኔም እፈልገዋለሁ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ስለ ስሜት የሚያጠኑ እርስዎ ስለሆኑ። እኔ እስካሁን አላለቀስኩም። ሐዘን ምን እንደሆነ እርስዎ ካወቁ፣ እኔ ጋ መኖር አለመኖሩን ሊነግሩኝ ይችላሉ?

አክባሪዎ፣ የቀና-በል ወንድም


ኅዳር 2

ለተወደድክ ልጄ፣

ፈጣሪ መጽናናቱን ያብዛላችሁ። አንተን በጥናትህ ያበርታህ፣ ለአክስትህም ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ለስብሰባ ወጥቼ በነበረበት ሰሞን ነውና ስለ መዘግየቴ ይቅርታ። ዜናው በጣም አሳዝኖኛል። ወንድምህ ታማኝና ጥንቁቅ ሠራተኛ ነበር።

የጠየቅኸኝ ጥያቄ ትልቅ ነው። ሰው ስላዘነ ያለቅሳል ብለን እናስባለን። አንዳንድ ሊቃውንት ግን ነገሩን ይገለብጡታል። እንደ እነሱ አባባል ቀድሞ የሚናወጠው አካል ነው፤ ጉሮሮ ይታነቃል፣ ደረት ይጠብቃል፣ እንባ ይወርዳል። አእምሮ ያንን መናወጥ ሲያስተውለው ነው «አዝኛለሁ» የምንለው። አካል ሳይናወጥ ሐዘን ብቻውን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። በዚህ አመለካከት ከሄድን፣ ያንተ አካል ገና አልጀመረም ማለት ይቻላል። ፊትን ሆን ብሎ ወደ ሐዘን ቅርጽ ማምጣት ስሜቱን ይጎትተው እንደሆነ የመረመሩም አሉ፤ ውጤቱ እስካሁን ያከራክራል።

ፎቶውን በተመለከተ ነገሩ እንዳሰብከው ቀላል አይደለም። የጥናቱን ምስሎች ለሦስተኛ ወገን መስጠት የሚፈቅደው ኮሚቴ ነው። አመለክታለሁ።

ካሜራውን ከወንድምህ ተምረሃል ብዬ አምናለሁ። የሴቶቹን ተከታታይ አንተ ብትቀጥልልኝ ለሥራው ትልቅ እርዳታ ነው። በርታ።

ዶክተሩ አጎትህ


ኅዳር 24

ለተከበሩ ጋሼ፣

ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር እመኝልዎታለሁ። ስለ ማጽናናትዎ እናመሰግናለን፤ አክስቴም «ይድረሰው» ብላለች።

ያሉኝን ሞከርኩት። ደንበኞች ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉበት መስታወት ፊት ተቀመጥኩና ለወንድሜ በጻፉለት መመሪያ መሠረት የቅንድቤን ውስጠኛ ጫፍ ወደ ላይ፣ የከንፈሬን ዳር ወደ ታች አደረግሁ። ጉንጬ እስኪዝል ድረስ ይዤው ቆየሁ። ምንም የመጣ ነገር የለም። የመጣችው አክስቴ ናት። ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ፤ ዶክተሩ ያዘዘኝን ነው አልኳት። ለማሾፍ የመሰላት ይመስለኛል፣ በሩን ዘግታብኝ ወጣች።

ደግሞስ አካሌ አልተናወጠም ያለዎት ማን ነው? ከኋላዬ ክላክስ ሲጮህ ዘልዬ ከመንገዱ እወጣለሁ። ክፍል ውስጥ ወንበር ሲወድቅ ልቤ እስከ ጆሮዬ ይመታል። ግን ለፈተናም ያው ልብ ነው የሚመታው፣ ስሮጥም ያው ነው። ይህኛው ፍርሃት፣ ያኛው ሐዘን መሆኑን አካሌ በምን ሊያውቅ ነው? እሱን አልጻፉልኝም።

የሴቶቹን ጀምሬልዎታለሁ። የመጀመሪያዋ አክስቴ ናት፤ ሌላ ሴት እሺ አላለችኝም። «ደስታ» ስላት ትኩር ብላ አየችኝ፤ ያንኑ አነሳሁት። «ሐዘን» ስላት፣ የያዝኩት አይበቃህም ወይ፣ ሌላ ልጨምርልህ ወይ አለችኝ። «መጸየፍ» ላይ ግን ጎበዝ ሆነች። ዶክተሩን አስቤ ነው ብላለች፤ ይቅርታ፣ እንዳለችው ነው የጻፍኩልዎ።

ፎቶዎቹ ከዚህ ጋር አሉ። ኔጋቲቩን ግን አስቀርቻለሁ። ሕጉን አውቃለሁ። የወንድሜን ሲልኩልኝ የአክስቴን እልክልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣ ፍላሽ


ጥር 6

ለተወደድክ ልጄ፣

አዲሱ መንፈቅ የስኬት ይሁንልህ። አክስትህ ስለደከመችልኝ ምስጋናዬን አድርስልኝ።

አካል በምን ያውቃል ያልከው እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለተማሪዎቼ አንብቤላቸው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተከራከሩበት። ሊቃውንቱንም የከፈላቸው ይኸው ነው። ከፊሎቹ ስሜት የአካል መናወጥ ሳይሆን ፍርድ ነው ይላሉ። ለሕይወቴ የሚያስፈልገኝ ነገር ተነካ፣ ጠፋ፣ ተገኘ ብሎ አእምሮ የሚሰጠው ፍርድ። ሐዘን ማለት «የማይተካ ነገር ተወስዶብኛል» የሚል ፍርድ ነው። ሌሎች ደግሞ ስሜት ተዘጋጅቶ ውስጣችን የተቀመጠ ነገር አይደለም ይላሉ። አካል የሚሰጠን ድፍን ያለ ምቾት ወይም ጭንቀት ብቻ ነው። ይህ ሐዘን ነው፣ ይህ ንዴት ነው ብለን የምንቆርጠው ካሳደገን ሰው በተማርነው ልክ ነው። በዚህ መሠረት አክስትህ የምታዝነው ማዘንን በተማረችበት መንገድ ነው፤ አንተም ገና መንገድህን እየፈለግህ ይሆናል። እኔ ራሴ ስድስቱ ፊቶች በሰው ልጅ ሁሉ ዘንድ አንድ ናቸው ብዬ ነበር የጀመርኩት። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ኮሚቴው መልሷል። በመርህ ደረጃ አይቃወምም። ከዚህ ጋር ያያዝኩልህ ቅጽ ተሞልቶ መመለስ አለበት። ኔጋቲቩን ማስቀረትህ ግን ትክክል አይደለም። ወንድምህ እንዲህ አያደርግም ነበር።

ዶክተሩ አጎትህ


ጥር 29

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከዚህ በላይ ምርቃት ብጽፍ ከልቤ አይሆንም።

ቅጹን አነበብኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ «የተነሺው ሙሉ ፈቃድና ፊርማ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «በሌላ ሰው የተፈረመ ተቀባይነት የለውም» ይላል። ተነሺው ወንድሜ ነው። ወንድሜ መሞቱን በመስከረም ጽፌልዎታለሁ። መቃብሩ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ነው፣ ስክሪብቶ ይዤ ልሂድ?

ደብዳቤዎን ለአክስቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሐዘንን ተምራ ነው የሚለው ጋ ስደርስ የምትሰፋውን አስቀመጠች። «እሱን ልጅ ሳለ ተረከዙ ተሰንጥቆ ያሰርኩለት እኔ ነኝ» አለችኝ፣ እርስዎን ማለቷ ነው። «ያኔ ሲያለቅስ ማን እንዳስተማረው ጠይቀህ ጻፍልኝ።» ይኸው ጠየቅኩልዎ። በማግሥቱ ጠዋት አላለቀሰችም። አፍራ ይሁን ተናዳ አላውቅም። እርስዎን ግን ያን ቀን ጠላሁዎት።

ፍርድ ነው ያሉትንም አስቤበታለሁ። ፍርዱን ያን ዕለት ሰጥቻለሁ። ሞቷል፣ አይመለስም፣ ሌላ ወንድም የለኝም። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ታዲያ ሐዘኑ የታለ? አንድ ነገር በጠየቅኩዎ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሊቃውንት ይልኩብኛል። እኔ የጠየቅኩት አንድ ፎቶ ነው።

አሁን ደግሞ የባሰ መጥቷል። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የወንድሜን ፊት ላስበው ፈለግሁና እምቢ አለኝ። ጃኬቱ ይመጣል፣ እጁ ይመጣል፣ የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ሽታ ይመጣል። ፊቱ ጋ ስደርስ ማኅተም ያለበት መታወቂያ ይመጣል። አስተማሪው ጠርቶኝ አልሰማሁትም፤ ክፍሉ ሳቀብኝ።

ስለዚህ ልመናዬን ቀይሬያለሁ። ስድስቱን አልፈልግም። እነሱ የእርስዎ ናቸው፤ ቅንድብ እዚህ፣ ከንፈር እዚያ ብለው ያዘዟቸው። ፊልሙ ላይ ግን ሰባተኛ አለ። ከ«ንዴት» በኋላ፣ ከ«ፍርሃት» በፊት፣ እኔ ቸኩዬ ሳይዘጋጅ ተጫንኩት። እጁን ወደ ካሜራው ዘርግቶ «ገና ነው!» አለኝ። እርስዎ የተበላሸ ብለው ትተውት ይሆናል። እሱን ይላኩልኝ። አክስቴን አሠሪዋ፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ እንጂ ከዚያ ወዲያ አልጠብቅም ብሏታል። ፎቶውን ሳትሰቅል ከሄደች፣ የመጣችበትን ሳታደርግ ሄደች ማለት ነው።

ፍላሽ


የካቲት 24

ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ። መልስ አልመጣም። ፖስተኛው ከሩቅ ሲያየኝ አንገቱን መነቅነቅ ጀምሯል።

እርስዎ ስለ ስሜት የሚያውቁትን ያህል ባላውቅም አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ስለ እኔ ሐዘን ጽፈውልኛል፣ ስለ አክስቴም ሐዘን ጽፈውልኛል። ስለ ራስዎ የጻፉት «አሳዝኖኛል» የምትል አንዲት ቃል ናት። ወንድሜ ከእርስዎ ጋር ስንት ዓመት ተጻጽፏል። እርስዎስ አለቀሱ?

ፍላሽ


መጋቢት 5

ልጄ፣

ሰላምና ብርታት ላንተ፤ ለአክስትህም እግሯ ሥር ወድቄ ይቅርታ።

የጠየቅኸው ቁራጭ ፊልም በሁለት ካርቶን መካከል አለልህ። የተበላሸ ስለሆነ በጥናቱ መዝገብ ላይ ቁጥር የለውም። ቁጥር የሌለውን ደግሞ ኮሚቴው አያውቀውም። ስለዚህ ማንንም ሳላስፈቅድ በመቀስ ቆርጬ አወጣሁት። ይህን በኅዳር ማድረግ እችል ነበር። ሳጥኑ ጠረጴዛዬ ሥር ነው ያለው። በእግሬ እየገፋሁ ወደ ግድግዳው አስጠጋው ነበር እንጂ አልከፈትኩትም።

አለቀሱ ወይ ላልከኝ ይህን ልንገርህ። ወንድምህ በየደብዳቤው ግርጌ አንድ ቀልድ ይጽፍልኝ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ፖስታ ሳጥኔን ከፍቼ ቀልዱን ስፈልግ ራሴን አገኘሁት። ይህ ምን ይባላል ብትለኝ አላውቅም። ሃያ ዓመት ግን ስሜትን አስተምሬያለሁ።

ፎቶውን ለሦስት ባልደረቦቼ አሳየኋቸው። አንዷ ተቆጥቷል አለች፣ አንዱ ደንግጧል አለ፣ ሦስተኛው ሊስቅ ነው አለ። እዚያ የነበርከው አንተ ነህና ንገረኝ።

ተረከዜን በተመለከተ፣ አክስትህ እውነቷን ነው። ያስተማረኝ ማንም አልነበረም።

የአባትህ የአክስት ልጅ


መጋቢት 28

ለተከበሩ ጋሼ፣

ውለታዎን ፈጣሪ በእጥፍ ይክፈልዎ። የላኩት ደርሷል። በሰላም እንዲደርስ ያደረጉት አስተሻሸግም ጥሩ ነው፣ አልተቧጨረም።

በዚያው ዕለት አተምኩት። አክስቴ በዚያ ቀን የጨለማ ክፍሉን በር አንኳኳች። አስገባኋትና ከጎኔ ቆመች። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ስነክረው መጀመሪያ የመጣው እጁ ነው፣ ወደ ፊት ስለዘረጋው ትልቅና ድብዝዝ ያለ። ከዚያ ዓይኑ። አፉ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እንደተከፈተ። አክስቴ ጎንበስ ብላ አየችውና «አንተን ነው የሚቆጣው» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ወጥ ላይ ጨው ሳበዛም እንዲሁ ነበር የሚያየኝ» አለች። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ወረቀቱ ከልክ በላይ ሊጠቁርብን ነበር፤ ትንሽ ጠቁሯልም።

ባልደረቦችዎ ሦስቱም ልክ ናቸው። ቸኩዬ ስለተጫንኩት ተቆጥቷል፣ ፊልም ባከነ ብሎ ደንግጧል፣ የእኔን ፊት አይቶ ደግሞ ሳቁ እየመጣበት ነበር። አንዱን ለይተው ቁጥር ሊሰጡት ካሰቡ አይሆንልዎትም።

ትልቁን አክስቴ ከሙሽሮቹ በላይ ሰቀለችው። ደንበኞች ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ቀና ብለው ያዩትና ይደነግጣሉ፤ እሱ «ገና ነው» እያላቸው እኔ «ዝግጁ» እላቸዋለሁ። ቃሌን ጠብቄ የአክስቴን ኔጋቲቭ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ሌሎች ሴቶች ግን አላነሳልዎትም። ሰውን «እዘኑልኝ» ማለት አልችልም። ቀልድ ግን ካገኘሁ ደብዳቤዬ ግርጌ እጽፍልዎታለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁም።

አክስቴ ትናንት በአውቶቡስ ሄደች። ትምህርቴን እስክጨርስ እዚሁ እንድቆይ ፈቅዳልኛለች፤ ቁልፍ ሠሪውን በደንብ አስጠንቅቃው ነው የሄደችው። በመስኮቱ በኩል ስለ ልብሴ አጠባ፣ ስለ በር መቆለፍ፣ ስለ እርስዎም ጭምር ብዙ ነገር ነገረችኝ። እርስዎን «ጻፍለት፣ ብቻውን ነው» ነው ያለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሚያስል ሰው አልነበረም። ተጣጥቤ የትምህርት ቤት ልብሴን ለበስኩና፣ ቀጠሮ የያዘች ሴት ስለነበረች፣ ሱቁን ልከፍት ሄድኩ። በራችን ወደ ላይ የሚጠቀለል ላሜራ ነው። የሚንሸራተትበት ሐዲድ ግራ ጎኑ ዝጓል፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ እኩል ካላነሳው ይንጋደዳል። ወንድሜ በግራ፣ እኔ በቀኝ እናነሳው ነበር፤ ነገ ዘይት እገዛለታለሁ ይል ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ አክስቴ ግራውን ያዘች። ዛሬ መሃል ላይ ቆሜ ሳብኩት። ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ተንጋደደና ቆመ። ወደ ላይም ወደ ታችም አልል አለ። ሴትየዋ ሕፃኗን አዝላ እያየችኝ ነው።

ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በሩን በእርግጫ መታሁት። ደገምኩት። «ዘይት አንተ አይደለህ የምትገዛው?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «ነገ፣ ነገ፣ ሁሉ ነገር ነገ! መቼ ነው ነገ?» ሰው ሁሉ ቆመ። የቁልፍ መሞረጃው ድምፅ ጠፋ። ቁልፍ ሠሪው ወጣና ከማን ጋር ነው የምትጣላው አለኝ።

«ከወንድሜ ጋር» አልኩት።

ገባና የዘይት ቆርቆሮ ይዞ መጣ፣ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጬ ሐዲዱን ከታች ጀምሬ እጄ እስከደረሰበት ቀባሁት። ስቀባ ወንድሜን እሰድበው ነበር፣ በዝግታ፣ አንድ በአንድ፤ ስለ ዘይቱ፣ አንድ ፎቶ ስላለማስቀረቱ፣ ያን ቀን በዚያ መኪና ስለመሄዱ። አፍንጫዬ ይፈስ ነበር፣ በእጅጌዬ ጠረግሁት፤ ሸሚዜ ዘይት ሆነ። ሴትየዋ ሕፃኗን እያባበለች ጠበቀችኝ።

ስጨርስ ተነስቼ እንደ ልማዴ ቀኙን ያዝኩና ሳብኩ። በሩ ቀጥ ብሎ፣ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ፣ በአንድ እጅ ወጣ። ሌላው እጄ የሚይዘው አጥቶ ቆመ።